ድርብ የሥርዓተ ምግብ ጫና ምንድን ነው?

እናትየው ከመጠን በላይ ወፍራለች። የ3 ዓመት ልጇ ግን ቀንጭሯል፤ ቁመቱ ለዕድሜው ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ ማዕድ ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «እሷ እየበላች ልጇን ትነፍገዋለች» ብሎ ይደመድማል። ስህተት ነው፤ ግፍም ነው። የምግብ እጥረትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአንድ አገር፣ በአንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አካል ላይ አብረው ሲገኙ ባለሙያዎች ድርብ የሥርዓተ ምግብ ጫና ይሉታል። ወፍራም ሆና ደም ማነስ ያለባት ሴት ሁለቱንም በአንድ አካል ተሸክማለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከገበያ ነው። የቀን ገቢዋን ይዛ የወጣች እናት መጀመሪያ የሚያስጨንቃት ማንም ጦሙን እንዳያድር ነው። ለዚህ ዱቄትን፣ ዘይትንና ስኳርን የሚስተካከል የለም። 1 ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ፣ 1 ግራም ስኳር ደግሞ 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ የሆነው ቅጠላ ቅጠል ግን 1 ግራሙ ግማሽ ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ያላትን ገንዘብ ወደ ጥጋብ ለመለወጥ ያወጣችው ሒሳብ ትክክል ነው።

ሰውነት ግን ከኃይል ሌላም ይፈልጋል። የልጁ ሆድ ትንሽ ስለሆነ በዱቄት ቶሎ ይሞላል። ጠገበ ይባላል፤ አካሉን የሚገነባው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረት ግን አልደረሰውም። ተቅማጥ ሲመላለስበት ያገኘውም ይባክናል። እናትየው ዕድገቷን ጨርሳለች፤ ስለዚህ ከሚያስፈልጋት የተረፈው ኃይል ስብ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ብረት ግን ይጎድላታል። አንዱ ድስት ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳቱ ከእርግዝና ጀምሮም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ብርቱ ረሃብ ነበር። በጽንስነታቸው የመጀመሪያ ወራት ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲጠኑ፣ ውፍረትና የልብ ሕመም ከሌሎች ይልቅ በዝቶባቸው ተገኝቷል። በማህፀን ሳለ የተራበ አካል በኋላ ምግብ ሲያገኝ ለውፍረት ይበልጥ ይጋለጣል ማለት ነው።

ታዲያ «አትክልት ብሉ» የሚል ፖስተር መለጠፍ ምን ያህል ይረዳል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። አምስት አዋቂዎች ላሉበት ቤት በየቀኑ 2 ኪሎ ነው። ሌላም አለ፤ ሕፃናት አዲስ ምግብ ለመልመድ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ልጅ ፊቱን አዙሮ የገፋው ሳህን ገንዘብ ላለው ቤት ምንም አይደለም፤ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ግን የአንድ ሰው እራት ነው። እናቶች ልጅ እንደሚበላው እርግጠኛ የሆኑበትን ምግብ ደጋግመው ቢገዙ አልፈርድባቸውም። ምክሩ ይህን ካላገናዘበ ተግሣጽ ሆኖ ይቀራል። አዲሱን ምግብ በአንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከለመደው ጋር አድርጎ ማስጀመር ብክነቱን ይቀንሳል። ጥራጥሬም በርካሽ ፕሮቲንና ብረት ከሚሰጡት ውስጥ ነው።

በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ጫና የሚያቃልሉ ነገሮች አሉ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ማጥባት አንዱ ነው። ጥራጥሬና አትክልት ያለበት የትምህርት ቤት ምገባ ሌላው ነው፤ ልጁ አዲሱን ምግብ ከጓደኞቹ ጋር ይለምዳል፣ የእናቱ ገንዘብም አይባክንም። ዱቄትና ዘይት ብቻ የሚያድል እርዳታ ግን ረሃብን ቢያስታግስም መቀንጨርን አይፈታም።

የአካል እንቅስቃሴም እንዲሁ የኑሮ ጥያቄ ነው። ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ይመከራል። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም የዋለን ሰው «ስፖርት ሥራ» ማለት ተገቢ አይደለም፤ እሱ የሚያስፈልገው እረፍት ነው። ከማሽን ፊት ተቀምጣ የምትውለው ሠራተኛ ግን እንቅስቃሴ ያንሳታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ መንቀሳቀስ ግድ ነው የሚለውን የቀድሞ ሐሳብ ትቶታል። ስለዚህ ደረጃ መውጣትም፣ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድም ይቆጠራል። ክብደት ባይቀንስ እንኳ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል። ልጆች ግን ከመኪና ስጋት ነፃ የሆነ መጫወቻ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ወላጅ ብቻውን አያመጣውም።

ጫናው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈው በአለካክ ምክንያትም ነው። የቀነጨረ ልጅ ክብደቱ ለቁመቱ ተመጣጣኝ ሊሆን ስለሚችል ፊቱ ሞላ ብሎ ጤነኛ ይመስላል። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመቱ ተለክቶ ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ነው። ልጃችሁን ለክትትል ስትወስዱ ከክብደቱ ጋር ቁመቱም እንዲለካ ጠይቁ፤ እናቲቱም በዚያው ቀን የደም ማነስ ምርመራ ብታደርግ ጥሩ ነው።