ጀግናው ይናገር ወይስ ዝም ይበል? የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያትን የተመለከቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቪዲዮ ጌም ወዳጆች ዘንድ ማለቂያ የሌለው ክርክር አለ። በጆይስቲክ የምንመራው ዋና ገጸ ባሕርይ የራሱ ድምፅ ይኑረው ወይስ አፉን ዘግቶ ይዋጋ? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉ ተቃራኒ አባባሎችን ጎን ለጎን ይዘን ለኖርን ሰዎች ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ክርክሩ የሚቆምባቸው ማስረጃዎች አብዛኞቹ የተሳሳቱ መሆናቸው ነው። እኔ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ዝምታም እንደ ንግግር በጥንቃቄ መጻፍ አለበት፤ ተጫዋቹ ላደረገው ነገር የጨዋታው ዓለም ምላሽ ካልሰጠ ደግሞ ጀግናው ቢናገርም ባይናገርም ዋጋ የለውም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጀግኖቹ ዝም ያሉት ቴክኖሎጂው ስላልፈቀደ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። በ1986 በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» በዓመቱ ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ የተጫነበት ካርትሪጅ 128 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የተቀዳ የሰው ድምፅ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ነገር ግን ሰው በጽሑፍም ይናገራል። በ1990 የወጣው «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ» ጀግና፣ ጋይብረሽ ትሪፕውድ፣ አንድም የተቀዳ ቃል ሳይኖረው አፉ አያርፍም ነበር። የሰይፍ ፍልሚያው ሳይቀር የሚለየው በቃል ነው፤ ባላጋራው ሲሰድበው ለስድቡ የሚገጥመውን መልስ መርጦ የመለሰ ያሸንፋል። በ1991 «ፋይናል ፋንታሲ 4» ላይ ባላባቱ ሴሲል የንጉሡን ትእዛዝ በመፈጸሙ የተሰማውን ጸጸት በጽሑፍ ይናገራል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ላይ፣ የ«ድራጎን ክዌስት» ጀግኖች ዝም ይሉ ነበር። በ2017 የተከታታዩ 11ኛ ክፍል ሲወጣ ለሰዓታት የሚዘልቅ ንግግር የሚይዝ ዲስክ ነበር፤ ጀግናው ግን አሁንም ዝምተኛ ነው። ይህን የቴክኖሎጂ ችግር ብሎ መጥራት አይቻልም። አውቀው የመረጡት ነው።

«የማይናገር ጀግና ባሕርይ የለውም»

ይህን የሚል ሰው የ2016ቱን «ዱም» መጀመሪያ በጥሞና ቢያይ እወዳለሁ። ጀግናው ማርስ ላይ ባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ታስሮ ይነቃል። የተቋሙ ኃላፊ ሳሙኤል ሄይደን በስክሪን ብቅ ብሎ ሊያስረዳው ሲጀምር ጀግናው ስክሪኑን ገፍትሮ ይጥለዋል። ጥቂት ቆይቶ በአሳንሰሩ ውስጥ ያው ሰው ሥራው ሁሉ ለሰው ልጅ ጥቅም እንደነበር በተረጋጋ ድምፅ ያብራራል። ካሜራው ወደ ታች ይዞራል፤ ወለሉ ላይ አስከሬን ወድቋል። ጀግናው አስከሬኑን ያያል፣ ቀና ይላል፣ ድምፁ የሚመጣበትን ስክሪን በቡጢ ያደቀዋል። አንድ ቃል አልወጣውም። ለሰበብ ትዕግሥት የሌለው፣ የሞቱትን የሚቆጥር፣ የትልልቅ ሰዎችን ማብራሪያ የማይቀበል ሰው መሆኑን ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነገረን። አንድ ገጽ ንግግር ቢጻፍለት ከዚህ ያነሰ በነገረን ነበር።

በ2017ቱ የዜልዳ ክፍል «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የጀግናው የሊንክ ዝምታ ምክንያት እንኳ ተሰጥቶታል። ልዕልት ዜልዳ በማስታወሻ ደብተሯ እንደጻፈችው፣ የሁሉም ዓይን እርሱ ላይ ስለሆነ ጠንካራ ሆኖ መታየትና ሸክሙን በዝምታ መሸከም እንዳለበት ያምናል። ከዚያ በኋላ ዝምታው የአንድ ወጣት ወታደር ጭንቀት ሆኖ ይታየናል።

«ፖርታል 2» በ2011 ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው። ዊትሊ የተባለው ክብ ሮቦት የጀግናዋ የቼል አእምሮ መጎዳት አለመጎዳቱን ለማጣራት «አፕል በይ» ይላታል። ስክሪኑ ላይ ለመናገር የሚጫኑት አዝራር ይጻፋል። ተጫዋቹ ሲጫን ቼል ትዘላለች። ዊትሊም ያደረገችው መናገር ሳይሆን መዝለል መሆኑን ነግሯት ያልፋል። በዙሪያዋ ያሉት ዝምታዋን ያያሉ፣ ይገረሙበታል፣ ይተረጉሙታል። ሙያ ማለት ይህ ነው።

ክሱ ትክክል የሚሆንባቸው ጨዋታዎች የሉም ማለቴ አይደለም። በ2018ቱ «ፋር ክራይ 5» የሃይማኖታዊ ቡድኑ መሪና ወንድሞቹ በጀግናው ፊት ረጅም ስብከት ያሰማሉ፣ ይከሱታል፣ ነፍሱን ይመረምራሉ። ፖሊስ የሆነው ጀግና ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ ይሰማል። እንዲህ በቀጥታ ለተጠየቀ ሰው ምልክት እንኳ አለመስጠት ባሕርይ ሊሆን አይችልም፤ ማንም ያልጻፈው ክፍተት ነው።

«ዝምታ ተጫዋቹን ከጀግናው ጋር ያዋሕዳል፤ ድምፅ ግን ይለያያል»

ለዚህ አመለካከት ዋናው ምስክር ተደርጎ የሚጠራው የ1998ቱ «ሀፍ ላይፍ» ጀግና ጎርደን ፍሪማን ነው። ግን ፍሪማን ማንም የሚሞላው ባዶ ወረቀት አይደለም። ዕድሜው 27 ነው፣ መነጽርና ጺም አለው፣ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፊዚክስ ዶክትሬት ይዟል። ታዲያ ለምን ራሳችንን በእርሱ ቦታ እናገኘዋለን? ካሜራው ከዓይኑ ስለማይወጣ ነው። ጨዋታው መቆጣጠሪያውን ከእጃችን ቀምቶ ፊልም አያሳየንም፤ ሰዎች ሲያነጋግሩን እንኳ ዞር ማለት፣ መራመድ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ መነካካት እንችላለን። ውሕደቱን የፈጠረው ይህ አሠራር ነው፤ ዝምታው አጋዥ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የ2007ቱ «ማስ ኢፌክት» አዛዥ ሼፐርድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። ድምፁን ለሴቷ ጄኒፈር ሄል፣ ለወንዱ ማርክ ሚር ሰጥተውታል። ይህም ሆኖ ተጫዋቾች «የእኔ ሼፐርድ» እያሉ ያወራሉ። ምክንያቱም ማንን እንደሚያድኑ፣ ማንን እንደሚተዉ የወሰኑት እነርሱ ናቸው፤ ውሳኔያቸውም በቀጣዮቹ ክፍሎች ተከትሏቸዋል።

በእርግጥ የሚለያየን ነገር አለ፤ እኛ ያሰብነውና ጀግናው የሚናገረው ሲራራቁ ነው። በ2011ዱ «ኤል ኤ ኖዋር» መርማሪው ኮል ፌልፕስ ምስክር ሲጠይቅ ተጫዋቹ እውነት፣ ጥርጣሬ ወይም ውሸት ከሚሉት አንዱን ይመርጣል። ምስክሯ አንድ ነገር እንደደበቀች የጠረጠረ ተጫዋች «ጥርጣሬ» ይላል፤ ሐሳቡ ለስለስ ብሎ መጠየቅ ነው። ፌልፕስ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስፈራራታል። ተጫዋቹ ደንግጦ ይቀራል። አዘጋጆቹም ችግሩን አይተውታል፤ በ2017 ጨዋታው በድጋሚ ሲወጣ የምርጫዎቹን ስም «ጥሩ ፖሊስ»፣ «ክፉ ፖሊስ» እና «ክሰስ» ወደሚሉ ቀየሯቸው። ጥፋቱ የድምፁ አልነበረም።

ለዝምታው ወገን የምሰጠው አንድ ትልቅ ነጥብ ግን አለ፤ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። የታላላቆቹ ጨዋታዎች ጀግኖች የሚያናግሩን በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ ነው። ዝምተኛው ጀግና ግን የሚያስበው በእኛው ቋንቋ ነው። ፍሪማንን እየመራሁ «ልግባ ወይስ መጀመሪያ ጥይት ልፈልግ?» ብዬ ሳመነታ፣ ማመንታቱ በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ጀግና ይህን ሊሰጠኝ አይችልም።

«ድምፅ ከተጨመረ ታሪኩ መሻሻሉ አይቀርም»

አንዳንዴ እውነት ነው። የ«ዴድ ስፔስ» ጀግና፣ መሐንዲሱ አይዛክ ክላርክ፣ በ2008 ከራስ ቁሩ ውስጥ ከትንፋሽና ከጩኸት በቀር አይሰማም ነበር፤ ሌሎች «ይህን ጠግን፣ ያንን ክፈት» እያሉ ያዙታል። በ2011 ጋነር ራይት ድምፅ ሲሰጠው የራሱ ጸጸትና የራሱ እምቢታ ያለው ሰው ሆነ። በ2023 የመጀመሪያው ክፍል እንደገና ሲሠራም ድምፁ ተጨመረለት። ተስማምቶታል።

የ«ሜትሮይድ» ጀግና የሳመስ አራን ታሪክ ግን በተቃራኒው ነው። ከ1986 ጀምሮ በባዕድ ፕላኔቶች ላይ ብቻዋን የምትዋጋ፣ ማንንም የማታስፈቅድ ሴት ነበረች። በ2010 «ሜትሮይድ፦ አዘር ኤም» ላይ ብዙ እንድትናገር ተደረገ፤ ንግግሯም በአብዛኛው የቀድሞ አዛዧን አዳም ማልኮቪችን የሚመለከት ነው። ከሁሉ የከፋው፣ መከላከያ ልብስ እያላት አዳም ስላልፈቀደላት ብቻ በሚያቃጥል ሙቀት ውስጥ እየተጎዳች የምትሄድበት ክፍል ነው። ዓመታት የገነቡትን ሰው በአንድ ጨዋታ አፈረሱት፤ ዛሬም ያናድደኛል። በ2021ዱ «ሜትሮይድ ድሬድ» ሳመስ የምትናገረው አንዴ ብቻ፣ ያሳደጓት የቾዞ ዘሮች ቋንቋ ነው። ክብሯን መለሰላት።

«ፎልአውት 4»ንም እዚህ ላይ መጥቀስ ያስፈልጋል። በ2015 የወንዱና የሴቷ ጀግና ድምፅ ተዋንያን እያንዳንዳቸው ከ13 ሺህ በላይ የንግግር መስመሮች ቀድተዋል። ሥራው ግዙፍ ነበር፤ መዘዝም አመጣ። እያንዳንዱ መልስ ሁለት ጊዜ መቀዳት ስላለበት ምርጫው በአጫጭር ቃላት በተጻፉ አራት መልሶች ተወሰነ። ተጫዋቾች ጀግናው ሊናገር ያለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም ራሳቸው ሠርተው እስከ መጫን ደረሱ። ያው ድርጅት በ2023 «ስታርፊልድ»ን ሲያወጣ ጀግናውን ወደ ዝምታ መለሰው።

«ዝምታ ወጪ ለመቆጠብ ነው»

ለትንንሽ አዘጋጆች ሊሆን ይችላል። ግን ጀግናው ዝምተኛ ሲሆን በዙሪያው ያሉትን ገጸ ባሕርያት ብርቱ ጸሐፊና ብርቱ ተዋናይ ያስፈልጋቸዋል፤ የእርሱን ድርሻ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። የድምፅ ተዋንያንን ድካም በወጪ መዝገብ ብቻ የሚመለከቱትም ልክ አይደሉም፤ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር በ2016 እና በ2024 በጌም ኩባንያዎች ላይ የሥራ ማቆም አድማ መትቷል። የኋለኛው ዋና ጥያቄ ድምፃቸው በአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ያለፈቃዳቸው እንዳይባዛ ነበር።

«ምርጫው ሁለት ብቻ ነው»

በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኢሊዚየም» ጀግና ማንነቱን ረስቶ የነቃ መርማሪ ነው። መልሶቹን የምንመርጠው በጽሑፍ ነው፤ በውስጡ ያሉት 24 ችሎታዎች ግን እያንዳንዳቸው ይናገራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ክፉ ምክርም ይመክሩታል። በ2021 እነዚያ የውስጥ ድምፆች በተዋናይ ተቀዱ። ሰውዬው ዝም ያለ ይመስላል፤ ጭንቅላቱ ግን ገበያ ነው።

ሌላው መንገድ የ2018ቱ «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ነው። የአርተር ሞርገንን ቃላት የጻፉለት አዘጋጆቹ ናቸው፤ መቼና ለማን እንደሚናገር የምንወስነው ግን እኛ ነን። መንገደኛ ሲገጥመን ሰላምታ ወይም ትንኮሳ እንመርጣለን። ሰላም ስንለው ባርኔጣውን ነክቶ ያልፋል፤ ስንተነኩሰው ይቆጣል፣ ከጨመርንበትም ሽጉጥ ሊመዝ ይችላል።