ትኩስ የሮስት ቢፍ ስላይደር በቤት ውስጥ

ስላይደር በሁለት ሦስት ጉርሻ የሚያልቅ ትንሽ ሳንድዊች ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ትኩሱ የሮስት ቢፍ ስላይደር የሚሠራው ስስ ተደርጎ ከተቆረጠ የበሬ ጥብስ፣ ከሚቀልጥ ችዝና ከለስላሳ ትንንሽ ዳቦ ነው። ሁሉም ተደራርቦ ኦቭን ይገባል። ቤት ውስጥ ሲሠራ አንድ በአንድ አይሠራም። 12ቱም ዳቦ እንደተያያዘ በአንድ ትሪ ይጋገራል። አሜሪካውያን የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ ዕለት ቤታቸው ሰው ሲሞላ የሚወዱት ለዚህ ነው። አንድ ትሪ ወጥቶ እስኪበላ ሌላው ይደርሳል።

የስላይደር ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ዋይት ካስል የተባለው በርገር ቤት ነው። ዋልተር አንደርሰንና ቢሊ ኢንግራም እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ ከፈቱት። ትንንሽ በርገሮችን ከሽንኩርት ጋር እያበሰሉ በ5 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። ሮስት ቢፍ ግን ወደ ዳቦ የገባው በሌላ መንገድ ነው። በሎስ አንጀለስ ፊሊፕስና ኮልስ የተባሉ ምግብ ቤቶች ሁለቱም በ1908 ተከፈቱ። ፍሬንች ዲፕ የሚባለውን፣ በሥጋው ጭማቂ እየተነከረ የሚበላውን ሳንድዊች የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያሉ ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። በኒው ዮርክ ግዛት ያለችው በፋሎ ደግሞ ቢፍ ኦን ዌክ የሚባል የሮስት ቢፍ ሳንድዊች አላት። ዳቦው ላይ ደቃቅ ያልሆነ ጨውና የካራዌይ ዘር ይነሰነሳል፣ ሥጋው ላይ ሆርስራዲሽ የሚባል የሚያቃጥል ሥር ተፈግፍጎ ይደረጋል። በ1964 ፎረስትና ሌሮይ ራፌል የተባሉ ወንድማማቾች በኦሃዮ አርቢስ የተባለውን ምግብ ቤት ሲከፍቱ፣ ሮስት ቢፍ ሳንድዊች በየመንገዱ ዳር የሚገኝ ፈጣን ምግብ ሆነ።

ዳቦው የራሱ ታሪክ አለው። ለቤት ስላይደር በብዛት የሚመረጠው የሃዋይ ጣፋጭ ዳቦ ነው። መነሻው ፖርቹጋላውያን ስደተኞች ወደ ሃዋይ ይዘውት የሄዱት ጣፋጭ ዳቦ ነው። ሮበርት ታይራ በ1950 በሂሎ ከተማ ዳቦ ቤት ከፈተ። ያ ዳቦ ቤት ኋላ ኪንግስ ሃዋይያን ተብሎ በመላው አሜሪካ ታወቀ። ትንንሾቹ ዳቦዎች ተያይዘው በአንድ ማሸጊያ መሸጣቸው ለዚህ ሥራ ሁነኛ ነው። ጣፋጭነታቸውም ከጨዋማ ሥጋና ከሚያቃጥል ሶስ ጋር በደንብ ይሄዳል። ጣፋጭ የማይወድ ሰው ማንኛውንም ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ቢጠቀም ምንም አይጎድልበትም።

ይህ ሳንድዊች ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ውሃ ነው፣ ሌላው የሥጋው ሁለተኛ መብሰል። ብዙ ሰው የሶሱን ዓይነት ሲያማርጥ ይውላል። እኔ ግን ሶሱ የፈለገውን ቢሆን፣ ዳቦው ከረጠበና ሥጋው ከደረቀ ነገሩ አበቃ ባይ ነኝ።

ከሥጋው እንጀምር። ሮስት ቢፍ ሳይቆራረጥ በደረቅ ሙቀት የተጠበሰ ሙሉ የበሬ ሥጋ ነው። ለሳንድዊች የሚሆነው ጮማ ያልበዛበት የታፋ ወይም የሽንጥ ሥጋ ነው። ቤት የሚጠብስ ሰው ሥጋውን ከማታ ጀምሮ ጨው አሽቶ ፍሪጅ ውስጥ ቢያሳድረው ጥሩ ነው። በማግስቱ ዙሪያውን በጋለ መጥበሻ ቡናማ እስኪሆን ያገላብጠዋል። ያ ቡናማ ቀለም የጣዕሙ ምንጭ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 የገለጸው፣ ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ተዋህደው የሚያመጡት ለውጥ ነው። ከዚያ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ኦቭን ቀስ ብሎ ይበስላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ የበሬ ሥጋ የሚመክረው መሀሉ 63 ዲግሪ እንዲደርስና ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ በግምት አትሥሩ። ሲቆረጥ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም። ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን የቀላቀለ ውሃ ነው፣ አያስፈራም።

አሁን አቆራረጡ። ሥጋውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ። ቢላው እነሱን አቋርጦ መሄድ አለበት። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ ረጃጅም ክር ታኝካላችሁ። ስትነክሱም ሥጋው በሙሉ ተስቦ ከዳቦው ይወጣል። ክሩን አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁ ግን ጠንካራ የሚባለው የታፋ ሥጋ እንኳ ይለሰልሳል። ትኩስ ሥጋን ማሳሳት ከባድ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይጠብቅና ወረቀት እስኪመስል ይሳሳል። ጊዜ የሌለው ሰው የተቆረጠውን ይገዛል። ለ12 ዳቦ 450 ግራም ገደማ ይበቃል።

የተቆረጠው ሥጋ ዳቦ ላይ ተዘርግቶ አይቀመጥም። መጀመሪያ በሶፍት ጫን ጫን ተደርጎ ይደርቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ መሀረብ ሰብሰብ ተደርጎ ይቀመጣል። በእጥፋቶቹ መሀል አየር ስለሚኖር ቶሎ ይሞቃል፣ ሲነከስም ይላላል። ተደራርቦ የተጋደመ ሥጋ ግን እንደ አንድ ወፍራም ቁራጭ ይሆናል። መሀሉ እስኪሞቅ ዳሩ ይደርቃል። ሥጋ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ክሮቹ ይኮማተሩና ውሃቸውን ይተፋሉ። ያ ውሃ ደግሞ የሚወርደው ዳቦው ላይ ነው። ሁለቱ ጠላቶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነበር። ከላይ ሲታይ የሚያብረቀርቅ፣ ወርቃማ ትሪ አወጣሁ። አንዱን ሳነሳ ታቹ ትሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቅቤውን በብዛት አፍስሼው በዳቦዎቹ መሀል ሰርጎ ወርዷል፣ የሥጋው ውሃም ተጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልዘልም። አንደኛ፣ ዳቦውን ሳልለያይ አግድም ለሁለት ከፍዬ የተቆረጠውን ፊት ለ3 ደቂቃ ያህል ኦቭን ውስጥ አደርቃለሁ። ሁለተኛ፣ ችዝ ከሥጋው በታችም በላይም አደርጋለሁ። የታችኛው ሲቀልጥ ስቡ ውሃውን ከዳቦው ይከላከላል። የላይኛው ክዳኑን ይይዛል። ፕሮቮሎንና ስዊስ የሚባሉት የችዝ ዓይነቶች ለዚህ የሚመቹ ናቸው፤ ሳይበታተኑ ይቀልጣሉ። ብዙ የቆየ ቸዳር ግን ሲሞቅ ዘይቱን ይለቃል።

ሽንኩርት ከገባ ጥሬውን አይሁን። ስስ ተቆርጦ፣ በቅቤና በትንሽ ጨው፣ በዝግታ እሳት ከ40 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይብሰል። ውሃው አልቆ ቡናማና ጣፋጭ ይሆናል።

ሶሱ ማዮኔዝ ወይም ሳወር ክሬም ከሆርስራዲሽ ጋር ነው። ግማሽ ኩባያ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ሆርስራዲሽ ይበቃል። ሆርስራዲሽ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ማቃጠሉ የሚመጣው ሥሩ ሲፈገፈግ ነው፤ ኮምጣጤ ሲገባበት ኃይሉ ባለበት ይቆያል። ሙቀት ግን ያባርረዋል። ስለዚህ ዳቦው ላይ ስስ አድርጋችሁ ብቻ ቀብታችሁ የቀረውን ለገበታ አስቀሩ።

ለላዩ 4 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዎርስተርሻየር ሶስ፣ ትንሽ ሰናፍጭና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይቀላቀላል። በብሩሽ ይቀባል እንጂ አይፈስም። የፖፒ ዘር ወይም ሰሊጥ ይነሰነስበታል። ትሪው በፎይል ተሸፍኖ 175 ዲግሪ በሆነ ኦቭን 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ፎይሉ ይነሳና ላዩ እስኪቀላ 5 ደቂቃ ይጨመራል። መጀመሪያ ሳይሸፈን ከገባ ችዙ ሳይቀልጥ ዳቦው ያርራል።

ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። ደራርቦ፣ ሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ቅቤው ግን ኦቭን ሊገባ ሲል ብቻ ይቀባ። የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይዋል። ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ለማሞቅ ኦቭን ይሻላል፤ ማይክሮዌቭ ዳቦውን እንደ ጎማ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች፣ ተቆርጦ የተገዛ ሥጋ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል መሀሉ 74 ዲግሪ መድረሱን አረጋግጡላት። ለእሷ ትሪ የሥጋው መድረቅ ይቅር፤ ጤናዋ ይቀድማል።

ሲወጣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ታገሡት፣ ችዙ ይርጋ። ከዚያ ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላ ይዛችሁ የዳቦዎቹን መጋጠሚያ ተከትላችሁ ቁረጡ። ሥጋውን ቤት ከጠበሳችሁት መጥበሻው ሥር የቀረውን በሾርባ ውሃ አሟሙታችሁ አንሱት፣ አጥልሉትና በትንንሽ ሳህን ከጎን አቅርቡት። የማዕዘኖቹ አራት ዳቦዎች በሁለት በኩል ስለሚቀሉ ሳይፈርሱ ለመንከር እነሱ ይመቻሉ።