ስለ ማጥመጃ ትል የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ስለ ባሕር ትል የሚወራው ግን ቀላል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆረው ውኃ ለአካባቢው የዓሣ ምንጭ ሆኗል። በእረፍት ቀን ወደዚያ የሚወርደው መንጠቆ ያዥ ደግሞ አመሻሹን በስልኩ የባሕር አጥማጆችን ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል። ከጓሮ የተወረሰው ልማድና ከሩቅ ባሕር የታየው ዘዴ ሲደባለቁ ብዙ የማይሆን ነገር ይባላል።

«የባሕር ትል ብናገኝ ኖሮ ዓሣውን በሙሉ እናነሣው ነበር።»

ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር የሚያውቅ ሰው ይህን ከልቡ ይመኛል። ምኞቱ ከንቱ ነው። በአውሮፓ ዳርቻዎች በብዛት ለማጥመጃ የሚቆፈሩት የባሕር ትሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ በሚወጣ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል፤ በላዩም የተጠቀለለ የአሸዋ ቁልል ይተዋል። ሁለተኛው በሁለቱም ጎኑ እግር መሳይ ጸጉራም ዘርፎች የተደረደሩለት ነው። የሁለቱም ሰውነት የለመደው የባሕሩን ጨው ነው። ጨው አልባ በሆነው የጊቤ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ውኃው በቆዳቸው እየሰረገ ያሳብጣቸዋል፤ ይዝላሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። የምድር ትልም ባሕር ውስጥ ቢጣል ዕጣው ያው ነው፤ ልዩነቱ እሱ የሚሞተው ጨዉ የሰውነቱን ውኃ መጥጦበት መሆኑ ነው። የሞተ ትል ሽታ ስላለው አልፎ አልፎ ዓሣ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ጎርፍ ከዳር ጠርጎ የሚያመጣለትን የምድር ትል ለለመደው የበልጭ ዓሣ የቀይ ባሕርን እንግዳ መጋበዝ ምን ይሉታል? ጓሮ እያለ!

«ትል ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል።»

አይሆንም። የምድር ትል ወደ ራሱ በኩል ወፈር ያለ ቀለበት መሳይ ክፍል አለው። ከዚያ በስተኋላ በቂ አካል ተርፎለት ከተቆረጠ የራሱ ወገን ሊድንና ጅራት ሊያበቅል ይችላል። የጅራቱ ወገን ግን ለጥቂት ጊዜ ይንፈራገጣል እንጂ ራስ አብቅሎ አዲስ ትል አይሆንም። ስለዚህ ትል ለማራባት ብሎ እየቆራረጠ ወደ አፈር የሚመልስ ሰው ትሎቹን እየጨረሰ ነው።

ለመንጠቆ መቁረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህም ወደ ሦስተኛው ስሕተት ይወስደናል፦ «ትልቅ ትል ትልቅ ዓሣ ያመጣል።» የቆሮሶ ዓሣ አፍ ትንሽ ነው። ረጅም ትል ሙሉውን ተሰክቶ ሲንጠለጠል ቆሮሶው ጫፍ ጫፉን ለቅሞ ይሄዳል፤ አጥማጁ ባዶ መንጠቆ ይስባል፣ ከዚያም «ዛሬ ዓሣው ብልጥ ሆኗል» ይላል። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይበቃል። የመንጠቆው ጫፍ በተቆረጠው በኩል ይግባና ትሉ እንደ ካልሲ በብረቱ መታጠፊያ ላይ ይጠለቅ፤ በመጨረሻ የሚነቃነቅ ጥቂት ጫፍ ይቅር። ከተቆረጠው ቦታ የሚወጣው ፈሳሽም ሽታውን በውኃው ውስጥ ይበትናል። አምባዛ ባለበት ውኃ ግን ስስት አያስፈልግም፤ በትልቅ መንጠቆ ላይ ብዙ ትል አንድ ላይ መሰካት ይቻላል።

«ትል እርጥበት ስለሚወድ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ።»

በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ፕላስቲክ በትልና በውኃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ሚኒባሱ መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው የሚሆነውን ለመገመት አፍንጫ ይበቃል። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው እርጥብ መሆን ይኖርበታል፤ ነገር ግን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የታጎረ ውኃ አየሩ ቶሎ ያልቅበታል። የሚያዋጣው ክዳኑ የተበሳሳ ዕቃ፣ የራሱ የትሉ አፈር፣ በላዩም የኮባ ቅጠል ነው። አፈሩን በእጅ ጨምቆ ማየት ያስፈልጋል፤ ከተያያዘና ውኃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። የባሕር ትልም ቢሆን በባልዲ ውኃ አይከማችም፤ አጥማጆቹ የባሕር ውኃ በነካው ጋዜጣ ጠቅልለው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡታል። የቧንቧ ውኃ ቢረጩበት ግን ይገድሉታል።

«የቡና ገለፈት የተከመረበት ሁሉ ትል አለ።»

ይህ የእኛው የጅማዎች ስሕተት ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። ከእርጥብ ቡና ማጠቢያ ትኩስ የወጣ ገለፈት ይኮመጥጣል፤ ሲከመር ደግሞ መሐሉ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣል። እዚያ ውስጥ ትል አይኖርም። ትል የሚገኘው ከርሞ ከቀዘቀዘው፣ ጠቁሮ አፈር ወደ መምሰል ከደረሰው ክምር ሥር ነው። እንሰት ሥር ወይም ጥላ ባለው የጓሮ ጥግም አይጠፋም። አዌቱ ወንዝ ዳር የከተማው ቆሻሻ በሚራገፍበት ቦታ በባዶ እጅ መቆፈርን ግን አልመክርም፤ ከትሉ በፊት የሚገኘው የጠርሙስ ስባሪ ነው።

«ከዝናብ በኋላ የሚወጣው እንዳይሰምጥ ፈርቶ ነው» የሚለውም በብዙዎች ዘንድ የታመነ ነው። አየር ባለው ውኃ ውስጥ የምድር ትል ለቀናት ሊቆይ ይችላል። እርጥብ መሬት ግን ቆዳው ሳይደርቅ ከቦታ ቦታ ለመሄድ ይመቸዋል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዝናብ በኋላ ያለ ዶማ የሚለቀምበት ጊዜ ነውና ይጠቀሙበት።

«ትል አይናከስም» ለሚሉም አንድ ቃል። የጓሯችን ትል በእርግጥ ጥርስ የለውም። ከባሕር ትሎች መካከል ግን በአሜሪካ ለማጥመጃ የሚሸጥ አንድ ቀይ ትል አለ፤ አራት መንጋጋዎቹ መርዝ ይረጫሉ፣ ንክሻውም የንብ ያህል ያማል። መንጋጋው ውስጥ መዳብ መገኘቱ ሳይንቲስቶችን ሲያስገርም ኖሯል። ከሹፌሩ ጋር የባሕር ትል ለማስመጣት አሁንም ያልተወ ሰው ካለ፣ ሹፌሩ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ይህን ይንገረው።