ጠጅ ሣር በጎንደር፦ ለጤና የሚሰጠው ጥቅምና የሚሻው ጥንቃቄ

ጠጅ ሣር ከአንድ ጉንድ ብዙ ቅጠል እያወጣ ተሰብስቦ የሚበቅል የሣር ወገን ነው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ሳይጠነቀቁ የጎተቱት እንደሆነ ጣት ይቆርጣል። በሁለት ጣት ሲያሹት ግን የሚወጣው ሽታ የሎሚ ነው፤ ሎሚ ሣር የሚሉትም ለዚህ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲምቦፖጎን ሲትራተስ ሲሆን መነሻው የእስያ ሞቃት አገሮች ናቸው። አበባ የሚያወጣው ከስንት አንዴ በመሆኑ የሚባዛው በዘር አይደለም፤ ከጎረቤት ጓሮ አንድ ግንጣይ ከነሥሩ ወስዶ መትከል ይበቃል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የወይና ደጋ ከተማ ናት። ጠጅ ሣር ሙቀት ወዳድ ነው፣ ውርጭ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ግንብ ተጠግቶ፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ውኃ በማያጣበት ጥግ ሲተከል ይስማማዋል። በበዓል ዋዜማ ገበያ ሲወጣ ከቄጤማ ጋር ስለሚሸጥ ሁለቱን የሚያምታታ አይጠፋም። ቄጤማ ረግረግ ቦታ የሚበቅል፣ ለልምላሜው የሚነሰነስ ተክል ነው፤ ጠጅ ሣር የሚፈለገው ለሽታው ነው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ወይም እንዲሁ ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል። እግር በረገጠው ቁጥር ሽታው እንደ አዲስ ይነሣል፤ ከዕጣኑና ከሚቆላው ቡና ጋር ሲቀላቀል ቤቱ በዓል በዓል ይሸታል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ጉዝጓዝነቱን ብቻ መሆኑ ያስቆጫል። ዳማከሴ ለምች እንደሚታሰብ ሁሉ፣ በአገራችን ባህላዊ ሕክምና ጠጅ ሣርም ለሆድ የሚታሰብ ተክል ነው፤ ለቁርጠትና ለመነፋት ሥሩ ይታኘካል። ቅጠሉ ደግሞ ጥሩ ሻይ ይወጣዋል። አራት አምስት ቅጠል ታጥቦ፣ ተቆራርጦ፣ በፈላ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ክዳኑ መገጠም አለበት፤ ጥሩ መዓዛ የሚሰጠው ዘይት በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ሲንተከተክ ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ብርጭቆው ውስጥ ግን የሚቀረው ጥቂት ነው። ሻዩ ካፌይን የለውም፣ መዓዛው ስለሚበቃውም ያለ ስኳር ይጠጣል። ማታ ቡና እንቅልፍ ለሚነሣው ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው።

የመዓዛው ምንጭ ሲትራል የተባለ ውሁድ ነው፤ ከቅጠሉ ከሚጣራው ዘይት አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። በቤተ ሙከራ ይህ ዘይት የተለያዩ ባክቴሪያዎችንና ካንዲዳ የተባለውን ፈንገስ እድገት እንደሚገታ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን በሳህን ላይ ያለ ፈንገስ ሌላ፣ የሰው አካል ሌላ ነው። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ አንድ ጥናት ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 22 ሰዎች በየቀኑ 140 ሚሊግራም የጠጅ ሣር ዘይት በእንክብል ሲወስዱ፣ ከ90 ቀን በኋላ የታየው ለውጥ መጠነኛ ነበር። ጠጅ ሣር ለእንቅልፍና ለመረጋጋት በሚጠጣባት ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት ደግሞ ሻዩ በጤነኛ ሰዎች ላይ ጉዳት እንዳላስከተለ፣ እንቅልፍ የማምጣት ኃይል ግን እንዳልተገኘበት አሳይቷል። ትኩስና መዓዛማ መጠጥ በእጅ ይዞ ማረፍ ራሱ ሰውን ያረጋጋል፤ ለዚያ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

ትንኝን በማባረር በኩል ተክሉ የተሻለ ማስረጃ አለው። ሲትሮኔላ የሚባለው የታወቀ የትንኝ መከላከያ ዘይት የሚገኘው ከእህቶቹ ዝርያዎች ነው፤ የጠጅ ሣር ዘይትም ትንኝ ያባርራል። ይህ ለጎንደር አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም። በጣና ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወባ ወረርሽኝ ክፉኛ ተመትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የተከፈተውም ያ መከራ ባስከተለው ድንጋጤ ነው። ይሁን እንጂ ዘይቱ ቶሎ ስለሚተን የሚከላከለው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በኬሚካል የተነከረ አጎበርን የሚተካ አይደለም።

ቅጠልና ዘይት አንድ አይደሉም፤ አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው የዘይት መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ግን የብዙ እስር ቅጠል ጭማቂ እንደማለት ነው። ሳይቀጠን ቆዳን ያቃጥላል፣ በአፍ መወሰድም የለበትም። ነፍሰ ጡሮች ዘይቱን ፈጽሞ ቢተዉት፣ ሻዩንም ሐኪም ሳያማክሩ ባያዘወትሩ ይሻላል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ቅጠሉ የደም ስኳር ዝቅ ሲያደርግ ስለታየ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አብዝቶ ከመጠጣቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። የሆድ ሕመም ከትኩሳት ወይም ከደም ጋር ከመጣ ሻይ እያፈሉ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ለሻይ የሚሆነው ጠጅ ሣር ከጓሮ ተቆርጦ፣ ወይም ከገበያ ተገዝቶ ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውኃ የታጠበ ነው። እንግዳ የረገጠው ጉዝጓዝ፣ ምንም ያህል ቢሸት፣ ድስት ውስጥ አይገባም።