ስለ ማርሚታ የሚወራው፣ ከመኪናው ሥር ሲታይ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። መካኒክ አይደለሁም። የቪትዜን ማርሚታ፣ ማለትም ጭሱ የሚወጣበትንና ድምፁን የሚያፍነውን ክፍል፣ ግቢዬ ውስጥ በራሴ እጅ ቀይሬ፣ አንዴ አበላሽቼ፣ በሁለተኛው ያስተካከልኩ ሰው ነኝ። ሥራውን ስሠራ አጥር ተደግፎ ያልመከረኝ ሰው የለም። ግማሹ ምክር ስህተት ነበር።

«ከጮኸ ጉልበት ጨምሯል» የሚለው የሁሉም አባት ነው። የሚጮኸው ድምፅ የሚያፍነው ነገር ስለተነሣ ነው፣ አለቀ። በ1.0 ወይም በ1.3 ሊትር ሞተር ላይ የኋላውን ማርሚታ ብቻ ብትቀይሩ የሚገኘው ጉልበት እግራችሁ ላይ አይታወቅም። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ መኪናው የሚደክመው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለዚህ ማርሚታ ምን ያድርግ?

«ቱቦው በሰፋ ቁጥር ይሻላል።» እኔም አምኜ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሰፊውን ገዛሁ። ሌላው ደግሞ «ሞተር ትንሽ መታፈን ይወዳል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሞተር መታፈን አይወድም፤ የሚፈልገው ጭሱ ፍጥነቱን ሳያጣ እንዲወጣለት ነው፣ ምክንያቱም በፍጥነት የሚወጣው ጭስ ከኋላው ያለውን ይዞ ይሄዳል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያለው ጉልበትም ይቀንሳል። በኮረኮንች ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትጎተቱ የምትፈልጉት ደግሞ እሱኑ ነው። ለትንሽ መኪና ከፋብሪካው ልክ ብዙም አትራቁ።

አሁን ወደ አደገኛው። «ክሪክ ይበቃል፣ ከፈራህ ብሎኬት ደግፍበት።» እዚህ ሰፈር በየግቢው ግንባታ ስላለ ብሎኬት አይጠፋም፣ ስለዚህ ሁሉም የሚያነሣው እሱን ነው። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ ላይ ክብደቱ ስለሚከፋፈል ይችለዋል፤ የመኪና ብረት አንድ ቦታ ላይ ሲጫነው ግን አይችልም። እኔ ደግፌበት መፍቻ ላመጣ ገባሁ። ስመለስ ብሎኬቱ ፍርስ ብሏል፣ መኪናው ወርዷል፣ ሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን ነጭ አቧራ ለብሷል። ደረቴ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ክሪክም ቢሆን ዘይት ካፈሰሰ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለዚሁ የተሠራ የብረት ማቆሚያ ግዙ ወይም ተከራዩ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ክረምት ላይ ጭቃው ማቆሚያውን ስለሚውጠው ወፍራም ጣውላ ሥሩ ካላነጠፋችሁ አትጀምሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ ትርፉን ጎማም አውርጄ ከጎኔ ከመኪናው ሥር አጋድመዋለሁ።

«የማርሚታው ማንጠልጠያ ላስቲክ ከተበጠሰ በሽቦ እሰረው።» ሞተር ሲነሣም ሲጠፋም ይወዛወዛል። ላስቲኩ ያለው ያንን ሊቀበል ነው። ሽቦ አይቀበልም፣ ቱቦውን ብየዳው ላይ ይሰነጥቀዋል። በላስቲክ ተኩት።

«ጠዋት ውሃ ካንጠባጠበ ሞተሩ ሄዷል።» አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል፤ የኛ ብርድ ደግሞ እንፋሎቱን ቶሎ ወደ ጠብታ ይቀይረዋል። ማርሚታ ሥር የምታዩት ትንሽ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ውሃ መውጫ የተተወ ነው፣ ሰው ግን «ተበስቷል» ብሎ ያስበይደዋል። ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። የሚያሳስበው ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስና የራዲያተር ውሃ መቀነስ ነው።

«ካታሊቲኩ ያፍናል፣ አውጥተህ ጣለው።» ካታሊቲክ የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ክፍል ነው። ደህናው አያፍንም። ከተዘጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ወይም በደንብ ሳያቃጥል ቆይቶ ነው፤ በሽታው ያለው እዚያ ነው። ስታወጡት የኦክስጅን ሴንሰሩ ያውቃል፣ የሞተር መብራት ይበራል፣ መርዙም ሳይጣራ ይወጣል። በነገራችን ላይ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። «በነፃ ላውጣልህ» የሚላችሁ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

«የቱቦውን መገጣጠሚያ ክፍተት ሲሊኮን ቀባው፣ ካልሸተተ ችግር የለም።» ተራ ሲሊኮን ያንን ሙቀት አይችልም፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ግዙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከፊት የሚያፈስ ቱቦ ወደ ጋቢናው ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሡት፣ አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ፣ እናንተ ከጎን ቆማችሁ መገጣጠሚያው ላይ «ፍስ ፍስ» የሚል ድምፅ አዳምጡ። ይህ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞከርም።

መጨረሻ ላይ እኔ ሳስነሣው አዲሱ ቱቦ መጭስ ጀመረ። ጎረቤቴ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ መኪናው እየነደደ ነው!» ብለው ባልዲ ይዘው መጡ። ቱቦው ላይ የቀረ ዘይት ነው፣ ሲሞቅ ተቃጥሎ ያልቃል ብላቸው አላመኑኝም። ባልዲውን ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ጭሱ ጠፋ። ሞተሩ ሲበርድ ብሎኖቹን ደግሜ አየኋቸው፣ ሁለቱ ላልተው ነበር።