ምርጊት ምንድን ነው?

አሮጌ ቤት ወርሶ ወይም ገዝቶ «ትንሽ ላድሰው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከግድግዳው ጋር ነው። መደርደሪያ ለመስቀል ምስማር ሲመታ ምስማሩ ጥልቅ ይላል፣ አፈር ይዘረገፋል። ስንዝር ፈቀቅ ሲል ደግሞ ደረቅ እንጨት ያገኛል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው ማለት ነው፤ የተዘረገፈውም ምርጊቱ ነው።

ምርጊት በእንጨት በተዋቀረ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ነው። ቤቱን ያቆመው ግን ጭቃው አይደለም። ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ይተከላሉ፣ ማገር በአግድም ይመታባቸዋል፣ ጣሪያውን የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። ጭቃው ክፍተቱን ይደፍናል፣ ብርድና ሙቀት ይከላከላል። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ለከተማው ቤቶች ዋናው እንጨት እሱ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሁሌ ቀጥ ብሎ አያድግም። ግድግዳችሁ ሆዱን የነፋው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ እንዳለ ብትተዉት ይሻላል።

ጭቃው ከጭድ ጋር፣ የጤፍ ከተገኘ ደግሞ በእሱ፣ ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል። በየመሃሉ በእግር ይረገጣል። ይሸታል፣ ጎረቤት ይቻለው እንጂ! የመጀመሪያው ዙር ወፈር ተደርጎ ይመረግና ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ይሄ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ስንጥቁን የሚሞላው ለስለስ ያለው ሁለተኛው ዙር ነው፣ ከዚያ ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል።

ብዙ እድሳት የሚበላሸው ሲሚንቶ ሲመጣ ነው። ምርጊት እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ይተፋል፣ በመጠኑም ያብጣል፣ ይሟሽሻል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው። ቀስ በቀስ ከጭቃው ይላቀቅና ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ኋላም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከውስጥ የታፈነው ውሃ ነው፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ልስን የግድ ከሆነ የሽቦ መረብ እንጨቱ ላይ ተመቶ ይለሰን፤ እኔ ግን የተሰነጠቀውን አርጥቦ በተመሳሳይ ጭቃ መልሶ መምረግን እመርጣለሁ። ርካሽም ነው።

ክረምት ሲገባ አልዘጋ የሚል በር ካለ በሩን ለመላግ አትቸኩሉ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ሊሆን ይችላል። በጋም ሆኖ ካልዘጋ ግን በሩ አጠገብ ያለው ቋሚ ከሥሩ በስብሶ ወይም ምስጥ በልቶት ግድግዳው ሰምጧል ብላችሁ ጠርጥሩ። ምርጊቱን ከታች ፈልፍላችሁ እንጨቱን በቢላዋ ውጉት። ቢላዋው በቀላሉ ከገባ ቋሚው ይቀየራል፤ ሲቀየርም ጣሪያው በድጋፍ መያዝ አለበት። መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት እሱ ይሠራ።