ተሲስ በሐረርና በድሬዳዋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አርክቴክቸር፣ የከተማ ፕላን ወይም ላንድስኬፕ ተምረው ለማስተርስ ተሲስ ወደዚህ የሚመጡ ተማሪዎች ይዘዋቸው የሚመጡ ሐሳቦች አሉ። ጥቂቶቹን እንያቸው።

«ርዕሱ በሰፋ ቁጥር ተሲሱ ክብደት ያገኛል»

አያገኝም። ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ እንውሰድ፦ «የጀጎል ቅርስ ጥበቃ» የመሥሪያ ቤት ስም እንጂ የተሲስ ርዕስ አይሆንም። ጠበብ አድርጉት። ለምሳሌ፦ የሐረሪ ቤት ባለቤት ክፍል ማከራየት ሲፈልግ ቤቱ የቱ ጋ ይቀየራል? ነደባዎቹ፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ይቀራሉ ወይስ ይፈርሳሉ? ይህ በሜትር ይለካል፤ ባለቤቱንም ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

«ጀጎል ውስጥ ያለው ሁሉ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ነው»

ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የህንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያላቸው ፎቅ ቤቶች ሠርተዋል። እነሱም ዛሬ የከተማው መልክ አካል ናቸው። ዘመኑን ሳይለዩ ሁሉንም «ባህላዊ ቤት» ማለት ስንፍና ነው።

«ላንድስኬፕ ማለት ሣርና አበባ ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ድሬ መጥቶ ደቻቱን ያየ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማውን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ስለዚህ የወንዙን ዳር ብቻ አስውቦ የሚስል ተሲስ ዋናውን ነገር ትቶታል። ካርታው ወደ ላይ፣ እስከ ተፋሰሱ ራስ መውጣት አለበት። ከዚያ ደግሞ ወደ አሸዋው ይመለሱ፦ ውሃ በሌለበት ወራት ማን ይሻገርበታል? ማንስ ይሠራበታል? የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሲገነባ ይህ ሁሉ የት ይሄዳል?

«አንድ ጊዜ ሳይት ማየት ይበቃል»

በድሬ ሙቀት ከሰዓት ላይ እግረኛ ቆጥሮ «መንገዱ ሰው የለበትም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ፀሐይ ስትበርድ ያው መንገድ በሰው ይሞላል። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ይቆጠር።

«ጥሩ ሬንደር (በኮምፒዩተር የተሠራ የዲዛይን ምስል) ዲፌንስ ያሳልፋል»

ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፋቱን ከየት እንዳመጣችሁት ነው። ጀጎል ውስጥ ልኬት ለመያዝ ደግሞ የሰው ቤት መግባት ግድ ነው። ሜትሩ ከመዘርጋቱ፣ ካሜራውም ከመውጣቱ በፊት የቤቱን እመቤት ያስፈቅዱ። ፕላኑን ሲጨርሱም አንድ ኮፒ ይስጧቸው።